የአንጄላ ኦኩቶዪ የቴኒስ መዝገብ

የጨዋታ ውጤት በጋዜጣ ሲታተም ጥቂት አኃዞች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ፤ አንባቢውም አሸናፊውን ለይቶ ያልፋል። የኬንያይቱ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች የአንጄላ ኦኩቶዪ መዝገብ ግን ቀስ ተብሎ ሊነበብ የሚገባው ነው።

አንጄላ በጥር ወር 1996 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ከመንታ እኅቷ ጋር ተወለደች። እናታቸው በወሊድ ስላረፉ፥ ሕፃናቱን ያሳደጉት አያታቸው ናቸው። አያቲቱ ሎሬቶ ኮንቬንት ቫሊ ሮድ በተባለው ትምህርት ቤት በሠራተኝነት ያገለግሉ ስለ ነበር፥ ልጆቹ ራኬት መያዝን የለመዱት በዚያው ግቢ ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሎንዶን በዊምብልደን ሜዳ፥ አንጄላ ከሆላንዳዊቱ ከሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ ለልጃገረዶች የጥንድ ውድድር ፍጻሜ ቀረበች። ተጋጣሚዎቻቸው ካናዳውያቱ ኬይላ ክሮስና ቪክቶሪያ ምቦኮ ነበሩ። ደካሞች አልነበሩም፤ ምቦኮ በ2017 ዓ.ም. በሞንትሪያል ናኦሚ ኦሳካን ድል አድርጋ የካናዳን ዋንጫ ወስዳለች። የመጀመሪያውን ዙር ካናዳውያቱ 6 ለ3 አሸነፉ፤ ሁለተኛውን እነ አንጄላ 6 ለ4 መለሱ። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ የሁለቱ ዙር ጌሞች ቢደመሩ ካናዳውያቱ 10፥ እነ አንጄላ 9 ናቸው። ነገር ግን የቴኒስ ሕግ ድምርን አይመለከትም። በዚያ ውድድር አንድ ለአንድ የሆኑት የሚለዩት አስቀድሞ 10 ነጥብ በመድረስና በ2 ነጥብ በመብለጥ ነው። እነ አንጄላ 11 ለ9 ረቱና ዋንጫው የእነርሱ ሆነ። ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በአንዱ ዋንጫ ያገኘ ኬንያዊ ከእርሷ በፊት አልነበረም።

ሌላው ሂሳብ ግን አልራራላትም። የዐዋቂዎቹ የዓለም ደረጃ የሚወጣው በ52 ሳምንታት ውስጥ ከተሰበሰበ ነጥብ ነው፤ የወጣቶች ውጤት አይገባበትም። ስለዚህ የዊምብልደኑ ዋንጫ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጨመረላትም። ነጥብ የሚገኘው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ በመጫወት ነው፤ ለዚህም የአውሮፕላንና የሆቴል ገንዘብ ያስፈልጋል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የአፍሪካ ጨዋታዎች፥ አንጄላ በነጠላ ውድድር የግብጿን ተጫዋች በፍጻሜ አሸንፋ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ይህ ድል የፓሪስን ኦሎምፒክ በር የሚከፍት ነበር፤ ነገር ግን በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. በሚወጣው ሰንጠረዥ ከ400ዎቹ ባለደረጃዎች መካከል መገኘት ግዴታ ነበር። እርሷ ከዚያ ውስጥ አልነበረችም። በዚያው ክረምት በፓሪስ የቴኒስ ሜዳ ለኬንያ የተሰለፈ ተጫዋች አልነበረም።