የማህጸን በር ምርመራ ውጤትና በጥንዶች መካከል የሚያስነሳው ጥርጣሬ

ለረጅም ዓመታት በትዳር የኖረች አንዲት እናት የማህጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጋ “ያልተለመደ የህዋስ ለውጥ ታይቷል” የሚል ውጤት ሲነገራት ከህመሙ ስጋት ባልተናነሰ የሚያስጨንቃት ሌላ ጉዳይ አለ። የለውጡ ዋነኛ መንስኤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን ስትሰማ “ከየት መጣ?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ባልም ይህንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው በቂ መልስ ካላገኘ ጥንዶቹን ወደ መወነጃጀል ይወስዳል፤ ከዚህም የከፋው እናቲቱ በሐፍረት ምክንያት ቀጣዩን ቀጠሮ ልትተወው መቻሏ ነው።

ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ካንሰር የማስከተል አቅም ያላቸው ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ 16 እና 18 የተሰኙት ዝርያዎች ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህጸን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። በቫይረሱና በካንሰሩ መካከል ያለውን ግንኙነት ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ሱር ሃውሰን እ.ኤ.አ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በህይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዛሉ። ምልክት ስለማያሳይም መያዛቸውን ሳያውቁ ያልፋሉ። ከአስር ሰዎች ዘጠኝ በሚሆኑት ላይ የሰውነት የመከላከል አቅም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቫይረሱን ይቆጣጠረዋል። በቀሩት ላይ ግን ለዓመታት ሊቆይ፣ ተደብቆም ከርሞ እንደገና ሊገለጥ ይችላል። ከዚህ የተነሳ ዛሬ የታየ የህዋስ ለውጥ ከጋብቻ በፊት በተፈጠረ ግንኙነት የመጣ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ መቼ እንደገባና ከማን እንደተላለፈ የሚናገር ምርመራ የለም። በመሆኑም የምርመራ ወረቀቱ ለትዳር ክስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ፓፕ ስሚር የሚባለው ምርመራ የሚያየው ህዋሱን እንጂ ቫይረሱን አለመሆኑ ነው። አንዳንድ መጠነኛ ለውጦች በሌላ የማህጸን በር መቆጣት ወይም ኢንፌክሽን ሳቢያ ሊከሰቱ ይችላሉ። በኢትዮጵያ በብዙ ጤና ተቋማት የሚሰራበት ዘዴ አሴቲክ አሲድ በማህጸን በር ላይ ቀብቶ የቀለም ለውጡን በዓይን ማየት ሲሆን፣ ይህም ቢሆን የቫይረሱን አመጣጥ አያሳይም።

ባልስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ለወንዶች በመደበኛነት የሚሰጥ የኤች ፒ ቪ ምርመራ የለም፤ ቫይረሱን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒትም እንዲሁ። አብረው የቆዩ ጥንዶች ቫይረሱን አስቀድመው የተጋሩ መሆናቸው የሚገመት በመሆኑ በውጤቱ ምክንያት መለያየት ወይም ግንኙነት ማቆም አያስፈልግም። ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። የተለወጠው ህዋስ በማቀዝቀዝ፣ በማሞቅ ወይም በመቁረጥ ከታከመ በኋላ ግን ቁስሉ እስኪድን ለአራት ሳምንታት ያህል ከግንኙነት መታቀብ ይመከራል። ይህን ምክር ሚስት ለብቻዋ ሰምታ ቤት ውስጥ ማስረዳት ስለሚከብዳት ባልና ሚስት አብረው ከባለሙያው ቢሰሙት ይመረጣል።

ቫይረሱ ካልጠፋ ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፣ በተለይም የኤች አይ ቪ ህክምና ያልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች በማህጸን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች በስድስት እጥፍ ስለሚበልጥ ክትትላቸው የቀረበ መሆን አለበት። ሲጋራ ማጨስም ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያግዛል።

ክትባቱ አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ አያክምም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረውም ለቫይረሱ ከመጋለጣቸው በፊት ሲወስዱት ይበልጥ ስለሚጠቅም ነው። ውጤቷ ለተነገራት እናት የሚቀረው ባለሙያው በቆረጠላት ቀን መመለስ ነው። መጠነኛ ለውጥ ከሆነ በክትትል ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል።