ፀጉር የሚበላው ፈንገስ፣ ላባ የሚበላው ባክቴሪያ

ኢንቦክስ ላይ ከሚደጋገሙብኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ የልጄ ጭንቅላት ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ይረግፋል። ቅባት ብቀባው ብቀባው እምቢ አለ።» ፎቶ ምርመራን አይተካም፣ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ቆረቆር ነው። ቅባቱ ለምን እምቢ እንደሚል ለመረዳት ፈንገሱ ምን እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚበላው ኬራቲን ነው። (አዎ፣ ፀጉር ቤት ስሙን የምትሰሙት ኬራቲን። እዚያ ግን ስሙ ፀጉር ማለስለሻ ሆኗል፣ ፎርማሊን የሚለቁትም አሉበት። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።) ኬራቲን ፕሮቲን ነው። ፀጉራችን፣ ጥፍራችን፣ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ የበግ ፀጉር፣ የዶሮ ላባ፣ ቀንድና ሰኮና በዋናነት የተሠሩት ከእሱ ነው። የፕሮቲኑ ክሮች እርስ በርሳቸው በሰልፈር ድልድይ ተሳስረዋል፤ ፀጉር ሲቃጠል ያ የሚከረፋ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ሰልፈር ነው። ሥጋ የሚፈጨው ሆዳችን እንኳን ፀጉርን አይችለውም። ፀጉራቸውን የመብላት ልማድ ያለባቸው ሰዎች ሆድ ውስጥ ፀጉሩ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ በኦፕሬሽን የሚወጣበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

እኛ ያልቻልነውን ግን አንዳንድ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ይችሉታል። ኬራቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። የቆረቆርና የጭርት ፈንገሶች ሥራቸውን በሁለት እርከን ይሠራሉ፦ መጀመሪያ ሰልፋይት የሚባል ኬሚካል ረጭተው የሰልፈሩን ድልድይ ይሰብራሉ፣ ከዚያ ኢንዛይሙ ገብቶ የላላውን ፕሮቲን ይቆራርጣል። በር ሰብሮ እንደመግባት ነው።

እኛ አገር ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ፈንገስ ነው። ይሄኛው የሚያድገው በፀጉሩ ውስጥ ነው፤ ዘንጉን ከውስጥ ቦርቡሮ ፀጉሩ ከሥሩ ቅጭት ይላል፣ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ የሚቀባ ቅባት ፈንገሱ ያለበት ድረስ አይደርስም። የፀረ ፈንገስ ሻምፖ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን ይቀንሳል፣ ብቻውን ግን አያድንም። ቆረቆር የሚታከመው በሚዋጥ መድኃኒት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ይሰለቻል። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ለምን ይሄን ያህል? መድኃኒቱ አዲስ በሚሠራው ኬራቲን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከሥር የሚበቅለው አዲስ ፀጉር ፈንገሱ ሊበላው የማይችል ሆኖ ይወጣል፣ የተበከለው አሮጌው ደግሞ ቀስ በቀስ ተገፍቶ ይወገዳል። በሁለተኛው ሳምንት «ተሽሎታል» ብላችሁ ካቆማችሁ ፈንገሱ ገና እዚያው ነው። የጥፍር ፈንገስም እንደዚሁ ነው፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ በወር ውስጥ ለውጥ አትጠብቁ። ግሪሲዮፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሰርጻል፤ ከወተት ወይም ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ስጡት። መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ስለሆነ ከጎረቤት ልጅ የተረፈ ኪኒን አትስጡ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ሁለት ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉ። አንደኛው ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። ሁለተኛው እንደ ቤታሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት። ማሳከኩና መቅላቱ ስለሚጠፋ የዳነ ይመስላል፣ ግን ዝም ያሰኘው የሰውነታችንን መከላከያ ነው። ፈንገሱ ተመችቶት ይሰፋል፣ መልኩም ስለሚቀየር እኛንም ያሳስተናል። ጭንቅላቱ ላይ ያበጠ፣ ሲነኩት ልፍስፍስ የሚልና መግል የሚያዥ ነገር ካያችሁ ደግሞ ብጉንጅ መስሏችሁ አታፍርጡት፤ የቆረቆሩ ከባድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ሻሽ ለየብቻ ይሁን። ፀጉር ቤት ማሽኑ ከልጃችሁ በፊት እንዲጸዳ ጠይቁ፣ ማፈር የለም።

የሚገርመው፣ ልጆቻችንን የሚያስቸግረው ይሄው ችሎታ ሌላ ቦታ ተፈላጊ ነው። የዶሮ ላባ 90 በመቶ ገደማው ኬራቲን ነው፣ ብዙው ይጣላል። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተመራማሪዎች የዶሮ ፍግ ከሚብላላበት ታንከር ላባ የሚያሟሟ ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ የሚባል ባክቴሪያ አገኙ፣ ኢንዛይሙም ለዶሮ መኖ ሥራ ዋለ። ከእብድ ላም በሽታ ጋር የሚያያዘውን ፕራዮን የተባለ ግትር ፕሮቲን እንኳን፣ ቀድሞ በሙቀት ከታከመ፣ ይኸው ኢንዛይም ሊቆራርጠው እንደቻለ ታይቷል። የኦፕሬሽን ዕቃ በሚቀቀልበት ተራ ሙቀት የማይሞት ነገር ስለሆነ ይሄ ለሐኪም ቀላል ዜና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ያለበት ቡድን፣ አልካላይን በሆነ አካባቢ የሚኖሩና በዶሮ ላባ ላይ አድገው ኢንዛይም የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችን ይፋ አድርጓል።

ለእኛ አገር ቅርብ የሚመስለኝ ግን የቆዳ ፋብሪካው ጉዳይ ነው። ሞጆን የምታውቁ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ፀጉሩን ከቆዳው ለማላቀቅ የተለመደው ዘዴ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ፈንገሱ የሚሰብረውን የሰልፈር ድልድይ በኬሚካል መስበር ማለት ነው። ኬራቲኔዝ ፀጉሩን ብቻ በልቶ ቆዳውን የያዘውን ኮላጅን ካልነካ የሰልፋይዱን መጠን ይቀንሳል። በርካሽ በብዛት ማምረቱ ነው የቀረው ፈተና። ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ እዚያ የምትሠሩ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ሽታው በድንገት ሲጠፋ «ሄደልን» ሳይሆን «እንውጣ» ነው የሚባለው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልደረባ ለማውጣትም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ጋዙ አዳኙንም ይጥላል።