በደብረ ታቦር ደጋ በፍሬ ዛፎች ሥር ስለሚነጠፍ ጉዝጓዝ

የደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፥ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ደጋ አየሩ ሥሥ ስለ ሆነ በበጋ ፀሐይ ባዶውን መሬት አጥብቃ ታግለዋለች፤ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ደግሞ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ፈጥኖ ይለቃል። የኮክና የፖም ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከገጹ ሳይርቁ ስለሚገኙ ይህ መለዋወጥ ይጎዳቸዋል።

ጉዝጓዝ የሚባለው በዛፉ ሥር የሚነጠፍ የደረቀ ሣር፥ ገለባ ወይም የታጨደ አረም ነው። ሥራውም እንደ ሣር ክዳን ነው፤ በገለባው መካከል የተያዘው አየር ሙቀትን በቶሎ አያሳልፍምና፥ ከበታቹ ያለው አፈር ቀን ከባዶው መሬት ይልቅ ይቀዘቅዛል፥ ሌሊትም ይልቅ ይሞቃል። ዋነኛው ጥቅሙ ግን እርጥበትን መጠበቁ ነው። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ካባራ በኋላ ፍሬው የሚያድገው በደረቁ ወራት ስለ ሆነ፥ ውሃ ያነሰው ዛፍ ፍሬውን ያረግፋል፥ የቀረውንም አሳንሶ ያወጣል።

ነገር ግን ይኸው ጉዝጓዝ በአበባ ጊዜ ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ብዙ ሰው አያስተውለውም። ገለባው የመሬቱን ሙቀት ከበታቹ ስለሚይዘው፥ በውርጭ ሌሊት ወደ አበባው የሚወጣ ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ ሥሩ ሞቆ ሳለ ከበላዩ ያለው አበባ ሊቃጠል ይችላል። አናና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት፥ ብዙ ብርድ የማይሹት የፖም ዓይነቶች፥ ቀደም ብለው የሚያብቡ ናቸውና ለዚህ አደጋ ይልቁን የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ገለባውን ከዛፎቹ መካከል ጠርጎ መከመር፥ ውሃ ካለም መሬቱን አስቀድሞ ማርጠብ ይገባል፤ እርጥብና ያልተቆፈረ ባዶ መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳልና። ፍሬው ከቋጠረና ውርጩ ካለፈ በኋላ ገለባው ይመለሳል።

እንግዲህ ጉዝጓዝ በአንድ ቀን ትእዛዝ በመላው ወረዳ የሚነጠፍ ነገር አይደለም። በተዳፋት ላይ ጎርፉ አፈሩን ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች እንዳይጠርገው በክረምትም ቢቆይ መልካም ነው፤ ውሃ በሚተኛበት ሜዳማ ጥቁር አፈር ግን በክረምት መነሣት አለበት፥ ካልሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። የሚነጠፍበት ጊዜ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፥ አረሙ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አይጥ ልጡን እንዳይበላውና ግንዱ እንዳይሻግት ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ገለባ ለከብት መኖ፥ ኩበትም ለማገዶ በሚፈለግበት አገር ገበሬውን የበሬህን ቀለብ ለዛፍ አንጥፍ ማለት ከንቱ ነው፤ ቢነገረውም አይሰማም፥ እውነትም አለው። ዘር ሳይቋጥር የታጨደ አረምና ከብት የማይበላው የእህል ቆረን ይበቃሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለሌላ ተክል የማይስማማ ነገር ስላለበት፥ በብዛት ቢገኝም ለችግኝ አይሆንም። ገለባው ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማልና፥ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርለት።

የሚጠራጠር ሹም ቢኖር በአንድ አትክልት ውስጥ እኩል ዕድሜ ካላቸው ዛፎች አንዱን ረድፍ አልብሶ ሁለተኛውን ባዶ ይተው። በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቴርሞሜትር አስገብቶ ሙቀቱን ጎሕ ሲቀድና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያስጽፍ፤ በአበባ ጊዜ በውርጭ የጠቆረውን አበባ ያስቆጥር፥ በመከርም የሁለቱን ረድፍ ፍሬ ለየብቻ ያስመዝን። የአንድ ዓመት ሚዛን ውርጭ ካልጣለበት ዓመት ጋር ሊምታታ ይችላልና፥ መዝገቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይያዝ።