የብረት ክንድ ያለው ወንጀለኛና የድሬዳዋ ባጃጅ

በልጅነታችን በድሬዳዋ ቪዲዮ ቤቶች ተጋፍተን ካየናቸው ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ሮቦኮፕ» ነበር። አካሉ ብረት የሆነ ፖሊስ ሥርዓት በጠፋባት ከተማ ወንበዴ ያሳድዳል። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ፊልሞች ደግሞ ብረቱን የለበሰው ወንጀለኛው ሆኖ፣ መኪና በአንድ እጁ አንሥቶ ከሚወረውር ሰው ጋር ልዩ የፖሊስ ኃይል ሲፋለም እናያለን። ተማሪዎቻችን «ይህ ይሆናል ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የፊዚክስ ነውና በፊዚክስ እንመልሰው።

ውድ አንባቢያን፣ መኪናውን እንተወውና የከተማችንን መንገድ የሞላውን ባጃጅ እንውሰድ። ባዶው 350 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 3,430 ጁል ይበቃል። ይህ ብዙ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ከ700,000 ጁል በላይ ይይዛል። ስለዚህ ጉልበቱ አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ከእግር ሥር ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ወንጀለኛችን ባጃጁን ከሰውነቱ 60 ሳንቲ ሜትር አርቆ ቢይዘው፣ የሁለቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከእርሱ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሆናል። የእግሩ ጣቶች ግን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይደርሱም። በመሆኑም ባጃጁ ከመሬት ሳይነሣ ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል። በሆነ ዘዴ ቢቆም እንኳ ትከሻው ላይ ከ2,000 ኒውተን ሜትር በላይ የሚጠመዝዝ ኃይል ያርፍበታል። ክንዱ ብረት ቢሆንም ትከሻውና አከርካሪው አጥንት ናቸው። ፖሊሶቹ ከመሣሪያ ይልቅ ቃሬዛ ይዘው ቢመጡ ይሻላቸዋል።

«ሳይቦርግ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1960 ያስተዋወቁት ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን ያሰቡት ስለ ጠፈርተኞች ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ እጅ የሚታዘዘው ከቆዳ ላይ በሚለቀም የጡንቻ ምልክት ሲሆን፣ ምልክቱ ከጥቂት ሚሊ ቮልት አይበልጥም። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ከኤሌክትሮዱ ሥር ሲገባ ይህም ይረበሻል። በአገራችን የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ዘንድ የተለመደው ግን ሞተር የሌለው የፖሊፕሮፒሊን እግር ነው፤ እርሱን አጥልቆ በሰኔ ፀሐይ የዋለ ሰው ቆዳው እንዴት እንደሚላጥ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በፊልሙ ዓይን አይቶ የሚሸሽ ቢኖር ሊያፍር ይገባዋል።

ሆኖም ፊልሞቹ ሁሉ አልሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» በተሰኘው የጃፓን አኒሜሽን ልዩ የፖሊስ ክፍሉ የሚያሳድደው ወንጀለኛ ጡንቻውን አይጠቀምም፤ ከኮምፒዩተር ጋር በተዋሐደው የሰዎች አእምሮ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ወደ እውነቱ የቀረበው ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያን ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት በሬዲዮ ሞገድ አዝዘው ቅንብሩን ለውጠዋል፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲለቅም አድርገዋል። ሙከራው በሕመምተኛ ላይ አልተደረገም። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ግን የራሳቸው መሣሪያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲዘጋ ማድረጋቸውን በኋላ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዚያው አገር 465,000 ያህል የልብ ምት ማስተካከያዎች በዚሁ ሥጋት ሶፍትዌራቸው እንዲታደስ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የኒውራሊንክ ኩባንያ 1,024 ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አእምሮ ውስጥ ተከለ፤ እርሱም ያለ ገመድ ነው የሚነጋገረው።

የአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል፤ ትርጉሙም ሰፊ በመሆኑ በእኛ አስተያየት በደረት የተቀበረውን መሣሪያ ሳይጨምር አይቀርም። መርማሪው ላይ ግን እንግዳ ጥያቄ ይገጥመዋል። የተሰረቀ ኮምፒዩተር በኤግዚቢትነት ተይዞ ይመረመራል፤ ይህን መሣሪያ ፈትቶ ለማየት ግን አስቀድሞ ተበዳዩን ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት ያስፈልጋል።