ቢዝነስ ሎው፦ ከመምህሩ ጠረጴዛ ማዶ

ቢዝነስ ሎውን ማን እንደሚያስተምራችሁ እንዴት እንደሚወሰን ልንገራችሁ፤ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ እንጂ። ሴሚስተሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሕግ ትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ይቀመጣል። ነባሮቹ መምህራን የለመዱትን ኮርስ ይዘው ሲያበቁ ጠረጴዛው ላይ የሚተርፍ ነገር አለ፤ «ሰርቪስ ኮርስ» ይባላል። ለሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ ነው፤ ለአካውንቲንግ፣ ለማኔጅመንት፣ ለማርኬቲንግ። እሱን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ የተቀጠረው፣ ገና «አልችልም» ለማለት ወግ ያልደረሰው ልጅ ነው። እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። ኋላ ሌላ ኮርስ ሲሰጠኝ ግን ቢዝነስ ሎውን አልለቅም አልኩ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ተማሪው ወደዚህ ክፍል የሚገባው ከስሌት ሊያርፍ ነው። «ወሬ እኮ ነው፣ ሌሊቱን አንብበህ ትገባለህ» የሚል ምክር ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲወርድ ኖሯል። ሚድ እስኪመጣ ድረስ ምክሩ ይሠራል። ከሚድ በኋላ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት የሚደረገውን ስደት ያየ ያውቀዋል።

ኮርስ አውትላይኑን አትመኑት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ምዕራፍ እኩል ተደርድሯል፤ የሕግ ምንነት፣ ሰው በሕግ ፊት፣ ውል፣ ሽያጭ፣ ውክልና፣ የንግድ ማኅበራት፣ ቼክና ሐዋላ፣ ኢንሹራንስ። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። «ሕግ ምንድን ነው» የሚለው ከሚገባው በላይ ይንዛዛል፤ ውል ከሴሚስተሩ ግማሹን ይበላል፤ ቼክና ኢንሹራንስ የመጨረሻው ሳምንት ላይ በሩጫ ይታለፋሉ። ፈተና የሚያወጣ ሰው ደግሞ ያላስተማረውን ለመጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ የፋይናሉን ክብደት ማወቅ የፈለገ መምህሩ የት ላይ እንደቆየ ይቁጠር። የሚያሳዝነው፣ በሩጫ የሚታለፈው ቼክ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ምዕራፍ መሆኑ ነው።

ወደ ፈተናው እንግባ። እውነት ሐሰትና ምርጫ ለማረም ስለሚቀሉ ይበዛሉ፤ ይህን ማንም ያውቃል። ደካማውን ከጎበዙ የሚለየው መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ኬዝ ነው። አበበና ከበደ ያልተካሰሱበት የቢዝነስ ሎው ፈተና አላጋጠመኝም። እዚህ ላይ ቸካዮቹ ይወድቃሉ። የአንቀጹን ቁጥር ከነንዑስ አንቀጹ ይጽፉልኛል፤ ትርጉሙን ነጠላ ሰረዝ ሳይስቱ ይገለብጡልኛል፤ አበበ ግን ቤቱን ያገኝ አያገኝ አይነግሩኝም። እኔ ሳርም ዓይኔ የሚሄደው ጭብጡ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉበትን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣ ተማሪ፣ የአንቀጹን ቁጥር ቢስት እንኳ ከግማሽ በላይ ነጥብ ይዟል። ሁሉም መምህር እንዲህ ያርማል ብዬ አልምልም፤ የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን እንዲህ ያርማሉ።

በቅርብ ዓመታት የመጣ ጉድ ደግሞ አለ። «የሚጸና ውል ምን ምን ያስፈልገዋል?» ብዬ ስጠይቅ ከወረቀቶቹ መካከል «ኮንሲደሬሽን» የሚል መልስ ብቅ ይላል፤ ውል እንዲጸና እያንዳንዱ ወገን በምላሹ የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት ከሚል ማብራሪያ ጋር። ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሌሊት ላይ ዩቲዩብ ተከፍቶ አንድ አሜሪካዊ መምህር ተደምጧል። ሰውዬው ለአገሩ ትክክል ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ረቂቅ የፈረንሳዊው ፕሮፌሰር የረኔ ዳቪድ ሥራ ነው። አንቀጽ 1678 የሚጠይቀው የተዋዋዮቹን ችሎታና ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ በበቂ ሁኔታ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ፎርም ያዘዘ እንደሆነ ደግሞ ፎርሙን ነው። ኮንሲደሬሽን የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ከአርባ ገጽ ሃንድአውት ይልቅ ይህችን አንድ አንቀጽ ረጋ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

ስለ ሃንድአውት ካነሳን፣ ከጊቢው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶኮፒ ቤት የሚሸጠውን ጥራዝ ማን እንዳዘጋጀው እስካሁን አልደረስኩበትም። የንግድ ማኅበራት ስድስት ዓይነት ናቸው ይላል፤ ተራ የሽርክና ማኅበርን ይዘረዝራል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ሰው ባነሰ አይቋቋምም ይላል። ይህ ሁሉ የ1952ቱ ንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ወጥቶ ተራ የሽርክና ማኅበርን አስቀርቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መምህሩ ከምርጫዎቹ አንዱን ሆን ብሎ ከዚያ ጥራዝ ይወስዳል። ክፋት ነው ካላችሁኝ አልክድም። ግን ደግሞ አዲሱ ሕግ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አልሻረውም፤ የቼኩና የኢንሹራንሱ ክፍል አሁንም የ1952ቱ ነው። ስለዚህ ጥራዙን የጣለም ያልጣለም አንድ ቦታ ይያዛል።

ሌሎች የታወቁ ወጥመዶችም አሉ። ቡቲክ መስታወት ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት የተቀመጠ ጫማ በሕጉ ዓይን ለውል የቀረበ ሐሳብ አይደለም፤ አንቀጽ 1687 ነው። «ዝምታ መስማማት ነው» እየተባለ ላደገ ልጅ ደግሞ አንቀጽ 1682 ዝም ማለት በመሠረቱ መቀበል እንዳልሆነ ሲነግረው አይዋጥለትም። በዚህች ጥያቄ ሰቃይ የሚባሉት ሳይቀሩ ሲንሸራተቱ አይቻለሁ፤ ሕጉን አንብበው ሳይሆን ተረቱን አስታውሰው ይመልሳሉ።

አሁን ወደ ምክንያቴ። የማታውና የቅዳሜው ክፍል፣ ኤክስቴንሽኖቹ። ቀን የሚማሩት ልጆች ስለ ፈተናው ይጠይቃሉ፤ ኤክስቴንሽኖቹ ግን የሚጠይቁት ትምህርቱ አልቆ ደብተሬን ስሰበስብ፣ በር ላይ ነው። ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ነው፤ «አንድ ዘመዴ ነው እንጂ የእኔ እንኳ አይደለም…» ይላሉ። ዘመድየው ራሳቸው እንደሆኑ እነሱም እኔም እናውቃለን።

አንድ ዘመድ ቤት ገዝቷል፤ ውሉ ሽማግሌዎች ባሉበት ተፈርሟል፣ ምስክሮችም አሉበት፤ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ግን አልቀረበም። እዚያ መቅረብን የሚያዘውን አንቀጽ 1723 ክፍል ውስጥ ሳነብ ያዛጋው ሰው በር ላይ ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞ ይጠብቀኛል። ሌላው ዘመድ አበድሯል፤ እንደ መያዣ የመጪው ወር ቀን የተጻፈበት ቼክ ተቀብሏል። የተቀበለው «ቀኑ እስኪደርስ ባንክ አይከፍልም» ብሎ ነው። የሰጠውም እንደዚያው ብሎ ነው። ሕጉ ግን ቼክን በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ያደርገዋል፤ ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ቢቀርብ እንኳ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወንጀል ይሆናል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ሰጪው ሊታሰር ይችላል። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ጸጥታ በሌላ ምዕራፍ አላየሁትም። ማን ኪስ ውስጥ ምን ቼክ እንዳለ እኔ አልጠይቅም።

ከሁሉም የምወደው የአምስት መቶ ብሩ ክርክር ነው። አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ ሲወጣ አምስት መቶ ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ደህና ምሳ በልቶበት ላይተርፍ ይችላል። ቁጥሩ ግን አልተነካም። አንዴ አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ተማሪ እጇን አወጣች።

«በቴሌብር ብልክለትስ? ቴክስቱ አለኝ እኮ።»

«ቴክስቱ ብር መላክሽን ይናገራል። ብድር መሆኑን ይናገራል ወይ?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል?»

ከኋላ አንዱ «ስጦታ!» አለ፤ ሌላው «የዕቁብ!» አለ፤ ሦስተኛው «ዕዳሽን ነው የከፈልሽው!» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የተከሳሽ ጠበቃ የሚያነሳቸውን መከራከሪያዎች ያለ ማንም እርዳታ ደርድረው ጨረሱልኝ። በኤሌክትሮኒክ የተለዋወጡት መልእክት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ «ያበደርሽኝን በሰኔ እመልሳለሁ» የምትል አንዲት መልስ ከሺህ ደረሰኝ እንደምትበልጥ ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ነበር። ያን ቀን ፓወርፖይንቱን ሳልከፍተው ወጣሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም እንደዚያው። በፌዴራል ሕጎች ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲለያዩ የሚጸናው ግን አማርኛው ነው። የአማርኛውን ቅጂ ከጎናቸው አድርገው የሚያነቡ ተማሪዎች ኬዙን ቶሎ ሲገነዘቡት አያለሁ፤ በተለይ ስለ ውል ፈራሽነት የሚናገሩትን አንቀጾች። ትምህርት ክፍሉ ይህን አይነግራችሁም፤ አይከለክላችሁምም።

ግሬድ ሲለጠፍ ቢሮዬ በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ የቀን ተማሪ ነው። «ሰርቼ ነበር እኮ» ይላል፤ ወረቀቱን ይዘን ቁጭ እንላለን፤ አንዳንዴ የድምር ስሕተት ተገኝቶ ይስተካከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁጥር ደርድሮ ጭብጥ ያጣ ወረቀት ነው። ከኤክስቴንሽኖቹ ስለ ግሬድ የሚመጣ ጥቂት ነው። በዚያ ሰሞን ከመጡት አንዱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። ሲ ነው ያገኙት፤ እሱን ግን አላነሱም። የእህታቸው ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፤ ዋስ ሁን ተብለዋል። ፎርሙን ዘርግተው አሳዩኝ። ዋስ የሚሆኑበት የገንዘብ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ነጭ ነው።

«አንቀጽ 1922 ነው አይደል ቲቸር? ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው።»

«ልክ ነዎት።»

«እንግዲያው ልፈርምለት። ልጁም ይቀጠራል፣ እኔም አልጠየቅም።»

ፋይናሉ ላይ ይህን ቢጽፉልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸው ነበር። ጣቴን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፍኩና «እርስዎ ፈርመው ከወጡ በኋላ እዚህ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ቢመጣስ?» አልኳቸው።

ፎርሙን ጥቂት አዩት። እስክሪብቶ አውጥተው ነጩ ቦታ ላይ «ከ20,000 ብር ያልበለጠ» ብለው በፊደልም በአኃዝም ጻፉና፣ «ካልፈለጉ ይመልሱልኝ» ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።