የሞተ ድንጋይ ይነሣል ወይ?

የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክምበት ቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ያሞቀው ነበር። ሙቀቱ የቀረችውን ጉልበት ያነቃቃታል፤ ማታ ዜናው እስኪያልቅ ታደርሳለች።

ፍኖተ ሰላም ያለ አናጢ ጓደኛዬ ታዲያ ሰሞኑን ይህንኑ ብልሃት በድሪል ባትሪ ሊሞክር አማረው። ሁለቱም ባትሪዎቹ ሞተውበታል። የሙሽራ ቁም ሣጥን ሊያስረክብ የቀረው ሰባት ቀን ነው። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቢጠይቅ የተቀበለውን ቀብድ እንዳለ የሚወስድ ሆነበት። «ፀሐይ እምቢ ካለ በሌላ ባትሪ ሽቦ ጠቅ አድርጌ አስነሣዋለሁ» አለኝ። ኧረ ተው ወንድሜ! የሚተኛው እኮ እዚያው ሰጋቱራው መሐል ነው።

ጠቅ ማድረግ የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነገር ነው። ውስጣቸው የበቀለችውን ቀጭን የብረት ክር ያቃጥልላቸዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ብዙ አይቆዩም። ሊትየም ግን ሌላ ነው፤ ፀሐይም ያስረጀዋል እንጂ አያነሣውም። ባለ 18 ቮልቱን ስትፈቱት ብዙውን ጊዜ አምስት ድንጋዮች በተርታ ተያይዘው ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ 3.6 ቮልት። አንዱ ከወደቀ፣ አራቱ ደህና ሆነው ሳለ ቻርጀሩ ሁሉንም አልቀበልም ይላል።

ተያይዘን ቡሬ፣ ሞባይል ሠሪው ዘመዴ ዘንድ ሄድን። እሱ ቮልቱንም አምፔሩንም የሚያስተካክል ፓወር ሰፕላይ አለው። በቴስተር ሲለካ ከአንደኛው ባትሪ አራቱ ደህና፣ አንዱ 2.4 ቮልት ሆነ። ከሁለተኛው ሦስቱ 1 ቮልት እንኳ አልሞሉም። «እነዚህን አልነካም» አለ። ሊትየም እስከዚህ ወርዶ ከከረመ ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል። መልሳችሁ ስትሞሉት መዳቡ እንደ እሾህ በቅሎ ኮንታክት ያደርጋል። ያ ማለት እሳት ነው!

ባለ 2.4ቱን ግን በ100 ሚሊ አምፔር ብቻ፣ በእጁ እየዳሰሰ፣ 3 ቮልት እስኪደርስ አዘገመው፤ ከዚያ እስከ 4.2 ሞላው። አልሞቀም፤ ደስ አለን። እዚያው አድረን ጧት ስንለካው 3.3። ምንም ሳይሠራ በአንድ ሌሊት! ተጣለ። በምትኩ ከሁለተኛው ባትሪ ደህና ከተገኙት አንዱ ገባ፤ አምስቱንም እኩል አድርጎ አያያዛቸው። (የላፕቶፕ ድንጋይ በመጠን ልክክ ቢልም አብዛኛው የድሪልን ጉልበት አይችልም፤ እንዳትሸወዱ።)

ቁም ሣጥኑ በቀኑ ደረሰ። ጓደኛዬ አሁን ያለው አንድ ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱ እስኪሞላ ብሎኑን በካቻቪቴ ያጠብቃል። የሚሞላውም ከደጅ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ዓይኑ እያየ ነው።