ከኦፕሬሽን ክፍሉ በር ወዲያ

ከሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ የሚደርስ የወገብ ታማሚ ብዙውን ጊዜ አንድ ወሬ ሰምቶ ነው የሚመጣው። “አሁንማ በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠሩት፤ በማግስቱ ተነስተህ ትሄዳለህ” ይሉታል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። እኔ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። የዋግ ልጅ መሆኔን የሰማ ያገሬ ሰው ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ “እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ” ይለኛል። በር ሥር ቆሜ በጆሮው የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትንሽ አይደለም። በቀድሞው አሠራር ጀርባ መሀል ለመሀል ተከፍቶ ጡንቻው ከአጥንቱ ይላቀቃል። በዚህኛው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በምትሆን ስንጥቅ ቱቦ ይገባና ጡንቻውን ሳይቆርጥ ገለል ያደርገዋል። ታማሚው ሙሉ ሰመመን ከተሰጠው በኋላ አራት ሆነን ተጋግዘን በሆዱ እናስተኛዋለን። ደረቱና ዳሌው ሥር ትራስ አድርገን ሆዱ እንዳይጫን እንጠነቀቃለን፤ ሆድ ከተጫነ አከርካሪው ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ሞልተው ደም ይበዛል። ሐኪሙ አጥንቱን በዓይኑ ስለማያየው ሲ-አርም የሚባል የኤክስሬይ ማሽን በየደረጃው ምስል ያነሳለታል። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ሽቦውን ተከትሎ መሀሉ ክፍት የሆነ የታይታኒየም ብሎን ይጠብቃል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው የተበላሸ ዲስክ ተጠርጎ ይወጣና፣ አጥንቶቹ እንዲጣበቁ በቦታው አጥንት የተሞላች ትንሽ ድጋፍ ትቀመጣለች። አጥንቱ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከታማሚው የተወሰደ ነው። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ውጭ የምትጠብቁ አስታማሚዎች ቆየ ብላችሁ አትደንግጡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ብሎኑ አጥንት እንደማያጣብቅ ነው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ በሸምበቆ እንደሚያስረው ማለት ነው፤ ሸምበቆው ይይዛል እንጂ አይጠግንም። የሚያያዘው አጥንቱ ራሱ ነው፤ ለዚያም ወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚሠራው ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነው። የትንሽ ቀዳዳው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ደም ብዙ አይፈስም፣ ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ከአልጋ ቶሎ ይወጣል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በሰፊው ተከፍቶ ከተሠራው ጋር ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። በአገራችን በዚህ መንገድ የሚሠራበት ቦታ ገና ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ “ትንሽ ቀዳዳ” ፍለጋ በሬ አትሽጡ። በለመደው መንገድ ደጋግሞ የሠራ እጅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐኪሙን መጀመሪያ የምትጠይቁት “አጥንቴ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?” ብላችሁ ነው። ወደ እግር የሚወርድ የዲስክ ሕመም ብዙውን ጊዜ በስድስትና በአሥራ ሁለት ሳምንት መካከል ያለ ቀዶ ጥገና ይቀላል። ካልቀለለም ነርቩን የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ ብቻ ማውጣት የሚበቃበት ጊዜ አለ። ብሎን የሚያስፈልገው አጥንቱ ከቦታው ሲንሸራተት፣ ሲሰበር ወይም በበሽታ ተበልቶ ሲናጋ ነው። ወገብ ስላመመ ብቻ ብሎን አይገባም። ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው፤ ብሎኑን ማን ያቀርባል? የጤና መድህኑስ ይሸፍነዋል? ይህን ከወረዳችሁ ሳትነሱ ጠይቁ፣ የሪፈር ወረቀቱንም አትጣሉ። የኤም አር አይ ፊልሙ ከንባቡ ጋር አብሮ ይምጣ፤ ንባብ ብቻ ይዞ መጥቶ እንደገና ለመነሳት ወረፋ የሚይዝ ሰው ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

በቀጠሮው ዕለት ማለዳ ጸበል የቀመሰ ሰው ሰመመን ሰጪው ሲጠይቀው “ምንም አልቀመስኩም” ይላል፤ ጸበል እንደ ምግብ ስለማይቆጠርለት ነው። እባካችሁ ንገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ዋናው የጠጣችሁበት ሰዓት መታወቁ ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የባህል መድኃኒት ወስዳችሁም ከሆነ እንዲሁ ተናገሩ። ጀርባው ላይ የተተኮሰ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ቁስሉ እስኪደርቅ ቀዶ ጥገናው ይዘገይበታል።

ታማሚው ሲነቃ ፊቱ አብጦ ታገኙታላችሁ፤ በሆዱ ተኝቶ ስለቆየ ነው፣ ይጎድላል። ጉሮሮውም በመተንፈሻ ቱቦው ምክንያት ይከረክረዋል። በማግስቱ ይቆማል። ሲነሳ ወገቡን ሳይጠመዝዝ፣ ትከሻና ዳሌውን አንድ ላይ አዙሮ በጎኑ ይነሳ። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ለዋጉ ጋዝጊብላ ወረዳ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም፤ ያደግሁበት ነው። ሀያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሀያ ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጀርባም በእጅም አይነሳም። ምጣዱ ከፍ ያለ ምድጃ ላይ ካልሆነ ጋገራው ለሌላ ሰው ይሰጥ። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ወገብን ያጎብጣል፤ መሀሉ የተቀደደ በርጩማ አናጺ ይሥራላችሁ። ስግደት የሚጀመረው ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው፤ ቆሞ መጸለይ ይቻላል፣ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። የአውቶቡሱ ጉዞ ረጅም ነውና በየመንገዱ ወርዳችሁ ቁሙ። ዲክሎፌናክ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ አጥንቱ እንዳይያያዝ ሊያዘገይ ይችላል። ሲጋራ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጋ። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ተመለሱ። በሁለት እግር መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ የገበያ ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ሌሊት ሐኪም ጋ ድረሱ።

አከርካሪያቸው ስለሚጎብጥ ልጆች ሳልናገር አላበቃም። አጥንት የማጣበቅ ቀዶ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ላይ በሂብስና በአልቢ፣ ለየብቻቸው፣ ይፋ ሲሆን በዋነኛነት የታሰበው ለአከርካሪ የቲቢ በሽታ ነበር። ያ በሽታ ዛሬም እኛው ዘንድ አለ። ዶክተር ሪክ ሆድስ አከርካሪያቸው ክፉኛ የጎበጠ ኢትዮጵያውያንን ጋና፣ አክራ ወደሚገኘው የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ፎኮስ ሆስፒታል ሲልኩ ኖረዋል። ያን ያህል የጎበጠ ጀርባ በትንሽ ቀዳዳ አይቀናም፤ አንዳንዱ ከቀዶ ጥገናው በፊት ራሱ ላይ ቀለበት ታስሮለት ለሳምንታት አከርካሪው ቀስ እያለ ይሳባል።

ልጃችሁ ማታ ማታ ጀርባውን የሚያመው፣ የሚያልበው፣ የሚከሳ ከሆነ፣ ጀርባው መሀል ላይም ጉብ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ወጌሻ እንዳያሸው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ እስከ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ቀድሞ የተደረሰበት ልጅ ብዙውን ጊዜ እኛ ክፍል መምጣት አያስፈልገውም።